አደራ ወላጅ መሆን፦ ከማመልከቻው እስከ ልጁ ስንብት ምን ይጠብቅዎታል?

አደራ ወላጅ የሌላ ሰው ልጅ በሕግ ልጁ ሳያደርግ በቤቱ ተቀብሎ የሚንከባከብ ሰው ነው። በአደራ ወደ ቤትዎ የሚመጣ ልጅ ወላጅ አለው። አንዳንዴ እናቱ በጠና ታማለች፣ አንዳንዴ አባቱ ታስሯል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቤት ውስጥ ድብደባ ወይም ቸልተኝነት ስለነበረ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ልጁን ለጊዜው ከዚያ አውጥቶታል። በጉዲፈቻ ልጁ በሕግ የእርስዎ ልጅ ይሆናል። በአደራ ቤተሰብነት ግን የሕግ ሥልጣኑ እንደየአገሩ ከወላጆቹ፣ ከፍርድ ቤቱ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ይቆያል፤ የአብዛኛው ምደባ (ልጁን በአደራ ቤት የማስቀመጥ) የመጀመሪያ ግብም ልጁን ወደ ቤተሰቡ መመለስ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ልጅን ከቤተሰቡ መለየት የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን፣ በተቻለ መጠን ለአጭር ጊዜ እንዲሆን፣ ድህነት ብቻውን ምክንያት እንዳይሆን ያዛል።

ይህን ከሁሉ በፊት የምናነሣው ብዙው ችግር ከዚህ ስለሚጀምር ነው። ልጅ አገኛለሁ ብሎ የገባ ሰው ውሎ አድሮ ከልጁ እናት ጋር መፎካከር ይጀምራል፤ የፉክክሩ ጦስ የሚተርፈው ደግሞ ለልጁ ነው። ልጅ ማሳደግ ከፈለጉ ጉዲፈቻን ይጠይቁ። ለ3 ሳምንትም ይሁን ለ3 ዓመት የሰው ልጅ ይዞ፣ አረጋግቶ፣ እናቱን ሳያስጠላው መመለስ የሚችሉ ከመሰለዎት ይቀጥሉ።

ደረጃ 1፦ ቤት ውስጥ መመካከር

ከማመልከቻው በፊት በቤቱ የሚኖር ሰው ሁሉ ይስማማ። አንዱ ጓጉቶ ሌላው «እንግዲህ እንዳልሽ» ያለበት ቤት ብዙም አይጸናም። ልጁ ሌሊት ሦስት ጊዜ ሲነሣ «ያመጣሽው አንቺ ነሽ» የሚለው ቃል መውጣቱ አይቀርም።

የራስዎ ልጆች ካሉ ነገሩን በቀጥታ ይንገሯቸው፦ ክፍል ሊጋሩ ይችላሉ፣ ዕቃ ሊሰበርባቸው ይችላል፣ የወላጆቻቸው ጊዜ ይቀንሳል፣ የለመዱት ልጅም አንድ ቀን ይሄዳል። ልጆችን በአደራ የሚመድቡ ብዙ ድርጅቶች የሚመጣው ልጅ በዕድሜ ከቤቱ የመጨረሻ ልጅ እንዲያንስ ይመርጣሉ። ይህ የራስዎ ልጆች የለመዱትን ቦታ እንዳያጡ ያደርጋል፤ ታናናሾቹን መጠበቅም ይቀላል።

ስለ ገንዘብ፦ ድጎማ በሚከፈልበት አገር ድጎማው ለልጁ ወጪ ነው፤ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፣ ልጁ ሲሄድም ይቆማል። ስለዚህ የቤትዎ ገቢ ያለ ድጎማው ቤትዎን መያዝ አለበት፤ ገምጋሚዎችም ይህንኑ ያያሉ። ስለ ጊዜ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ወር በሐኪም ቀጠሮ፣ በትምህርት ቤት ምዝገባ፣ በማኅበራዊ ሠራተኛ ጉብኝትና ከወላጆቹ ጋር በሚደረግ ግንኙነት ይሞላል። ሁለታችሁም ከቤት ውጭ የምትሠሩ ከሆነ ማን ፈቃድ እንደሚወስድ አስቀድማችሁ ወስኑ።

የትኛውን የምደባ ዓይነት እንደሚችሉም ያስቡበት። አስቸኳይ ምደባ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ በቀናት ሊያበቃ ይችላል። የአጭር ጊዜ ምደባ የወላጆቹ ጉዳይ እስኪታይ ወራት ይቆያል። የረጅም ጊዜው ልጁ ራሱን እስኪችል ሊዘልቅ ይችላል። ሌላ አደራ ቤተሰብ እንዲያርፍ ልጁን ለቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚቀበሉም አሉ። ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው ይኸኛው ነው ብለን እናምናለን፤ ቤተሰቡ ራሱን ይፈትንበታል፣ ልጁም የሚመለስበት ቤት አለው።

ደረጃ 2፦ ማመልከቻና ግምገማ

የሚጠየቁት ሰነዶች በየአገሩ ይለያያሉ፤ ዋና ዋናዎቹ ግን ተመሳሳይ ናቸው፦ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም የፍቺ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ፣ ስለ እርስዎ የሚመሰክሩ ሰዎች ስም። የወንጀል ማጣሪያው በቤቱ የሚኖረውን አዋቂ ሁሉ ይመለከታል፤ አብሯችሁ የሚኖር ወንድም ወይም አያት ሰነዱን ሳያቀርብ ቀርቶ ፋይሉ ወራት የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቀን ያስጀምሩ።

ከዚያ ማኅበራዊ ሠራተኛው ወደ ቤት ይመጣል፤ አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ተመላልሶ ነው። ባልና ሚስትን አንድ ላይም ለየብቻም ያናግራል፣ ልጆቹንም ያናግራል። ጥያቄዎቹ ዘልቀው የሚገቡ ናቸው፦ በልጅነትዎ እንዴት ይቀጡ ነበር? ከወላጆችዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት ምን ይመስላል? የሞተብዎ ልጅ አለ? መውለድ አልቻሉም? ስትጣሉ እንዴት ነው የምትታረቁት? መጠጥስ? ብዙ አመልካቾች እንደ ፈተና ቆጥረውት የተስተካከለ መልስ ይሰጣሉ። ገምጋሚው ግን ነውር የሌለበት ሰው እየፈለገ አይደለም። በልጅነቱ የተደበደበና ያንን አውቆ የተወው ሰው ግምገማውን ያልፋል፤ «እኔ ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» የሚል ሰው ግን ጥያቄ ያስነሣል። ደብቆ መገኘት ደግሞ ከተደበቀው ነገር የባሰ ነው።

ቤቱ የራስዎ ወይም ሰፊ መሆን የለበትም። የሚታየው ልጁ የራሱ አልጋና ዕቃውን የሚያስቀምጥበት የራሱ ቦታ እንዳለው፣ ከአዋቂ ጋር አልጋ እንደማይጋራ፣ ቤቱም እንደማይጎዳው ነው። ከጉብኝቱ በፊት በአራት እግርዎ ተንበርክከው እያንዳንዱን ክፍል ይዙሩ፤ ቆመው የማያዩት ገመድ፣ ሶኬት፣ የአይጥ መርዝና የመሳቢያ ጥግ የሚታየው ከዚያ ከፍታ ነው። በተለይ እነዚህን ያረጋግጡ፦

- መድኃኒት ሁሉ፣ የራስ ምታት ክኒንና ቫይታሚን ጭምር፣ በቁልፍ ይዘጋ። ለታዳጊ ልጅ ይህ ከሕፃን ይልቅ ያስፈልጋል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ የት እንዳለ አስቀድሞ አይታወቅም።
- በረኪናና ሌላ ኬሚካል በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፤ በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ መገልበጥ ክልክል ነው።
- የውሃ ማሞቂያው ከ49 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይሆን ይስተካከል። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሕፃን ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል።
- የጭስ ማንቂያ መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይሁን፤ ባትሪው ይሞከር።
- ውሃ የተጠራቀመበት ባልዲ፣ በርሜልና ገንዳ ይከደን። ታዳጊ ሕፃን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ሊሰጥም ይችላል።
- መሣሪያ ካለ ጥይቱ ወጥቶ፣ መሣሪያው በአንድ ቁልፍ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቆለፍ። አንዳንድ ቦታ መሣሪያ ያለበት ቤት ጭራሽ አይፈቀድም።
- ሕፃን የሚቀበሉ ከሆነ ጠንከር ያለ ጠፍጣፋ ፍራሽ ያለው የሕፃን አልጋ ያዘጋጁ። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አሻንጉሊት አልጋው ውስጥ አይግባ።

ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ከግምገማው ጎን ለጎን ይካሄዳል። ባልም ሚስትም ይውሰዱት፤ አንዱ ብቻ የሠለጠነበት ቤት ውስጥ ያልሠለጠነው በለመደው መንገድ ይቀጣል። ከማመልከቻ እስከ ፈቃድ ያለው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው፣ አይጣደፉበት።

ደረጃ 3፦ ስልኩ ሲደወል

ስልኩ የሚደወለው በማይመች ሰዓት ነው። «የ4 ዓመት ልጅ አለ፣ ዛሬ ማታ መቀበል ትችላላችሁ?» ተብሎ በ10 ደቂቃ ውስጥ መልስ ሊጠበቅ ይችላል። በዚያ ሰዓት ጥያቄ ስለማይታሰብ አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ስልኩ አጠገብ ይለጥፉት፦

- ልጁ ለምንድን ነው ከቤቱ የወጣው? ይህን የነገራችሁ ማን ነው?
- በሽታ፣ አለርጂ፣ የሚወስደው መድኃኒት አለ? መድኃኒቱ አብሮት ይመጣል?
- ወንድምና እህት አለው? የት ናቸው?
- ከዚህ በፊት ሌላ አደራ ቤት ነበር? ለምን ወጣ?
- በራሱ ወይም በሌላ ልጅ ላይ ጉዳት አድርሶ ያውቃል? ከእንስሳትስ ጋር?
- ከወላጆቹ ጋር መቼ፣ የት፣ በማን ፊት ይገናኛል? ማን ያመላልሰዋል?
- ትምህርት ቤቱ ይቀጥላል ወይስ ይቀየራል?
- ሌሊት ችግር ቢፈጠር የምደውልለት ሰው ስልክ ስንት ነው?

ግማሹን ጥያቄ «አላውቅም» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ የደወለው ሰው ራሱ ልጁን ያየው ከአንድ ሰዓት በፊት ይሆናል። የተነገረዎትን እንደ መነሻ ይያዙት እንጂ አያምልኩት። «ፀባየኛ ነው» የተባለ ልጅ ፈርቶ ዝም ያለ፣ «አስቸጋሪ» የተባለውም አምስት ቤት የዞረ ሊሆን ይችላል።

እምቢ ማለት መብትዎ ነው። አፍረው «እሺ» ብለው ከሁለት ሳምንት በኋላ «ውሰዱት» ከሚሉ፣ ስልኩ ላይ «ይህን አንችልም» ማለት ለልጁ የተሻለ ነው። እያንዳንዱ የፈረሰ ምደባ ለልጁ ተጨማሪ መባረር ነው።

ቤት ውስጥ አስቀድሞ ቢኖር የሚበጅ፦ በሦስት መጠን ንጹሕ ፒጃማና የውስጥ ልብስ፣ አዲስ የጥርስ ብሩሽ፣ ውሃ የማያሳልፍ የፍራሽ ሽፋን ሁለት (አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል)፣ ደብዛዛ የሌሊት መብራት፣ የቅማል ማበጠሪያ፣ ዚፕ ያለው ደህና ቦርሳ። ብዙ ልጆች ዕቃቸው በቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ታጭቆ ይመጣል፤ ከእርስዎ ቤት ግን በዚያ መውጣት የለበትም።

ደረጃ 4፦ ርክክቡ

ማኅበራዊ ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት በእጅዎ ሊኖር የሚገባው የምደባው ደብዳቤ፣ ልጁን የማሳከም ፈቃድ፣ የክትባት ካርድና የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ነው። የሕክምና ፈቃድ የሌለው አደራ ወላጅ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ይጉላላል። ልጁ ይዞት የመጣውን ዕቃ አብረው ቆጥረው ይመዝግቡ፤ የተቀደደችም ካልሲ ብትሆን ትጻፍ። በሰውነቱ ላይ የሚታይ ጠባሳ ወይም ብልዝ ካለ ሠራተኛው ባለበት ይነገር፣ ይጻፍም፤ ልጁን አስወልቆ መመርመር ግን የሐኪም ሥራ ነው። ሙሉ ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ እንዲደረግ ቀጠሮ ያስይዙ። ጥርሱ፣ ጆሮውና ዓይኑም ይታይ፤ «ትእዛዝ አይሰማም» የተባለ ልጅ በጆሮ ኢንፌክሽን መስማት አቅቶት የተገኘበት ጊዜ አለ።

ውሳኔዎች የማን እንደሆኑም በዚያው ቀን በጽሑፍ ያስለዩ። ለዕለት ተዕለት ነገር እርስዎ በቂ ነዎት። ቀዶ ሕክምና፣ ከአገር መውጣት፣ ትምህርት ቤት መቀየር፣ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ግን ባብዛኛው ከእርስዎ ሥልጣን ውጭ ነው። ፀጉር መቁረጥና ጆሮ መብሳት እንኳን የወላጅ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እናቱ ያሳደገችውን ፀጉር ተላጭቶ የመጣ ልጅ በማየቷ ብቻ ለወራት የተገነባ መተማመን ሲፈርስ ይታያል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ሌሊትና የመጀመሪያው ሳምንት

ጎረቤትና ዘመድ አይጥሩ። ቤቱን ያስጎብኙት፦ መጸዳጃ ቤቱ የቱ ጋ ነው፣ መብራቱ እንዴት ይበራል፣ ሌሊት ቢፈራ እርስዎን የት ያገኝዎታል። ምን ብሎ እንደሚጠራዎት ራሱ ይምረጥ፤ «እማዬ በለኝ» አይበሉት፣ እማዬ አለችው። ደንቡ ሦስት ይበቃል፦ እዚህ ቤት ማንም አይመታም፤ በር ሳይንኳኳ አይገባም፤ የራበው ሰው ይናገራል። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

በመጀመሪያው ሌሊት ገላውን ካልታጠብክ ብለው አይታገሉት። ጥቃት የደረሰበት ልጅ በማያውቀው ሰው ፊት ልብስ ማውለቅ ምን ሊያስታውሰው እንደሚችል አይታወቅም፤ ፊትና እጅ ይበቃል። ይዞት የመጣውን ልብስም ወዲያው አይጠቡ። ለእርስዎ የሚከረፋው ሽታ ለእሱ የቤቱ ሽታ ነው፤ ሲፈቅድ ይታጠባል። ምን እንደደረሰበት አይጠይቁት፤ «እናትህ ትወድሃለች፣ ቶሎ ትመለሳለህ» የሚል ቃልም አይግቡለት፤ በእጅዎ ያለ ነገር አይደለም። «መቼ ነው የምሄደው?» ሲል እውነተኛው መልስ «አላውቅም፤ እንዳወቅኩ እነግርሃለሁ፤ እስከዚያ እዚህ ትተኛለህ፣ እዚህ ትበላለህ» ነው።

ከሳምንት በኋላ አልጋ ሲያነጥፉ ትራሱ ሥር የደረቀ ዳቦ፣ ከጫማው ውስጥ የተጣጠፈ ብስኩት ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ ሌብነት አይደለም። ምግብ መቼ እንደሚመጣ በማያውቅበት ቤት የኖረ ልጅ አእምሮው የሚሠራው ለነገ ነው። ፍሪጅ መቆለፍ፣ «በቃህ» ማለትና የደበቀውን በሰው ፊት ማውጣት ነገሩን ያባብሰዋል። የሚሠራው ሌላ ነው፦ ክዳን ያለው የራሱ ዕቃ ይስጡትና የማይበላሽ ምግብ አብራችሁ እየሞላችሁ አልጋው አጠገብ ያስቀምጡ፤ በየማታው አብራችሁ እዩት፣ የጎደለውን ሙሉ። የምግብ ሰዓት በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ይሁን፣ አይዛነፍ። መጀመሪያ ዕቃው በየሌሊቱ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ እየተረፈበት ይመጣል፤ ከወራት በኋላም ይረሳዋል። እስኪያስታውከው የሚበላ ልጅ ቢሆን ትንሽ በትንሹ እያቀረቡ «ሌላም አለ» ይበሉት፤ ሰውነቱ በጣም የመነመነ ከሆነ ግን አመጋገቡን ሐኪም ይወስን፣ በድንገት ማጥገብ አደገኛ ነው።

ደረጃ 6፦ ፀጥታው ሲያበቃ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ልጆች ታዛዥ ናቸው፤ እንግዳ ናቸውና ቤቱን እያጠኑ ነው። ከዚያ ድንገት ይለወጣሉ፦ ይዋሻሉ፣ ይሰብራሉ፣ ይሳደባሉ፣ አልጋ ያረጥባሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። ብዙ ቤተሰብ «ተበላሸብን» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ልጁ ማስመሰሉን የተወው ቤቱን ትንሽ ስላመነ ነው፤ «እንዲህ ብሆንስ ታባርሩኛላችሁ?» እያለ ነው።

የማያስቸግረው ልጅም ይታይ። ወድቆ ደም እየፈሰሰው የማያለቅስ፣ ያላወቀውን እንግዳ ሁሉ የሚያቅፍ፣ በ7 ዓመቷ ታናሽ ወንድሟን እየመገበችና እየገሠጸች የራሷን ምግብ የምትረሳ ልጅ አዋቂን ተስፋ ማድረግ ትተዋል። ለእህትየው «አንቺ አርፈሽ ብዪ፣ የእሱ ተራ የእኔ ነው» እየተባለ በየቀኑ በትንሹ ሸክሙ ይወሰድላት እንጂ፣ በአንድ ጊዜ ከወንድሟ አይለይዋት።

ልጁ ሲፈነዳ የሚሆነው ይኸ ነው፦ የልብ ምቱ ይጨምራል፣ ጆሮው ቃል አይቀበልም፤ ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመደባደብ ተነሥቷል። በዚያ ሰዓት ምክርና ጥያቄ ከንቱ ነው። ሌሎቹን ልጆች ከክፍሉ ያስወጡ። በሩን አይዝጉበት፣ ከሁለት እርምጃ ርቀው ጎን ለጎን ዝቅ ብለው ይቀመጡ። ድምፅዎን ቀንሰው «እዚህ ነኝ፤ ማንም አይመታህም» ይበሉና ዝም ይበሉ። ሲበርድለት ውሃ ይስጡት። የሆነውን የሚያወሩት ያን ጊዜ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ነው፤ የሰበረውንም አብራችሁ ጠግኑ። መምታት በአብዛኛው የአደራ ውል በግልጽ የተከለከለ ነው፣ የተደበደበ ልጅም ከዱላ የሚማረው አዲስ ነገር የለም። ምግብ መከልከል፣ ክፍል ውስጥ መቆለፍ፣ ከእናቱ ጋር መገናኘትን እንደ ቅጣት ማስቀረት ከዱላ አያንሱም።

ስንት ጊዜ ይወስዳል? በሩማንያ ቡካሬስት በተቋም የሚያድጉ 136 ሕፃናትን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው ጥናት፣ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ አደራ ቤተሰብ የገቡት ዘግይተው ከገቡት ይልቅ ከተንከባካቢያቸው ጋር ጤናማ ቁርኝት መሥርተው አግኝቷቸዋል። ትልቁ ልጅ አይለወጥም ማለት አይደለም፤ እድገቱን በሳምንት ሳይሆን በወራት ይለኩት ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ከወላጆቹ ጋር መገናኘት

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ክፍል ነው፣ ሥልጠናም ብዙ አያዘጋጅበትም። ልጁ እናቱን አግኝቶ ሲመለስ ይጮኻል፣ ያረጥባል፣ አይበላም። አደራ ወላጁም «መገናኘቱ ይጎዳዋል» ብሎ ይደመድማል። ሊጎዳው የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚያዩት ናፍቆት ነው። የሚወደውን ሰው ባንድ ሰዓት አግኝቶ ባንድ ሰዓት የተለየ ማንም እንዲሁ ይሆናል።

ትንሹን ልጅ «ዛሬ እማዬን ታያለህ» ብለው ከጠዋት አያነሣሡት፤ እናትየው መምጣቷ ከተረጋገጠ በኋላ ይንገሩት። ከቀረችም ምክንያት አይፍጠሩላት፣ አይውቀሷትም፦ «መምጣት አልቻለችም። ስላላየሃት አዝነሃል፤ እኔም አብሬህ እቀመጣለሁ።» የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሌላ ቀጠሮ አያስይዙ። ከግንኙነቱ መልስ የሚደረገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ያው መንገድ፣ ያው መክሰስ፣ ያው ጸጥ ያለ ጨዋታ።

ከእናትየው ጋር ለመግባባት የሚረዳው ትልቁ ነገር ስለ ልጇ እሷን መጠየቅ ነው፦ «ሲያለቅስ ምን ታደርጊለት ነበር? ሲተኛ ምን ይወዳል?» ይህ ጥያቄ አሁንም እናቱ መሆኗን ይነግራታል፣ እርስዎም የሚጠቅምዎትን ያገኛሉ። የሳለውን ሥዕል፣ የትምህርት ቤት ፎቶውን ይላኩላት። ልጁ በሚሰማበት ስለ እሷ ክፉ አይነገር፤ እናቱን ሲሰድቡ ግማሹን እሱን ሰደቡት ማለት ነው። ስካር፣ ዛቻ ወይም ልጁን የሚያስፈራ ነገር ካዩ ግን አይሸፍኑ፣ በዚያው ቀን ለማኅበራዊ ሠራተኛው ያሳውቁ።

ደረጃ 8፦ መጻፍ፣ መጠንቀቅ፣ ምስጢር መጠበቅ

በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይጻፉ። አጻጻፉ ልዩነት አለው። «ዛሬ እናቱን አይቶ ተበሳጨ፣ መገናኘቱ እያበላሸው ነው» የሚለው ግምት ነው፣ ለማንም አይጠቅምም። «ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡15 ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ሥር ገብቶ 40 ደቂቃ ቆየ። እራቱን ግማሽ በላ። ሌሊት 7፡30 አልጋውን አርጥቦ ነቃ፣ ልብስ ቀየርን፣ 8፡10 ተኛ» የሚለው ግን ፍርድ ቤትም ሐኪምም የሚሠሩበት ነው። መውደቅና መቁሰል ቢኖር ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ማን እንዳየ፣ ለማን እንደተነገረ ይጻፍ።

ልጁ የደረሰበትን በደል በድንገት፣ ባብዛኛው ሰሃን ስታጥቡ ወይም መኪና ውስጥ፣ ፊት ለፊት በማትተያዩበት ጊዜ ሊያወራ ይችላል። የያዙትን ሥራ ሳይጥሉ ይስሙት። ማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ እያሉ አይመርምሩት፤ መልስ ጠቋሚ ጥያቄ በኋላ ምስክርነቱን ያበላሻል። «ለማንም አልናገርም» ብለው አይማሉ። «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግክ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ሊረዱን ለሚችሉ ሰዎች እነግራለሁ» ይበሉት። የተናገረውን በራሱ ቃል ጽፈው በዚያው ቀን ያሳውቁ።

በእርስዎም ላይ አቤቱታ ሊቀርብ ይችላል፤ ከልጁ፣ ከወላጆቹ ወይም ከትምህርት ቤት። ይህ በሥራው ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ አስቀድመው ይዘጋጁበት፦ ማን ልጁን እንደሚያጥብ ይወሰን፣ ልብስ ለብሶ ከክፍል መውጣት የቤቱ ሁሉ ደንብ ይሁን፣ «ምስጢራችን ነው» የሚባል ነገር በቤቱ አይኑር። አቤቱታ ሲመጣ ልጁን አይጠይቁ፣ መዝገብዎን አይነካኩ፣ ማብራሪያዎን በጽሑፍ ይስጡ።

የልጁን ፎቶና ታሪክ በማኅበራዊ ሚዲያ አያውጡ፤ ፊቱን ሸፍኖ መለጠፍም አይበቃም፣ ልብሱና ግቢው ያስታውቃል። ለዘመድ «ለጊዜው አብሮን ይኖራል» ማለት በቂ ነው። የቀረው የልጁ ነው፤ ሲያድግ ለፈለገው ይናገራል።

ስለ ራስዎም ትንሽ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መናደድ፣ ልጁ ሲመጣ ልብ ማዘን ሲጀምርዎ ጥፋት እንዳጠፉ አይቁጠሩት፤ ድካም ነው። ፈቃድ ያለው ተተኪ ተንከባካቢ በወር አንድ ሁለት ቀን እንዲወስደው ይጠይቁ፤ ሳይሰበሩ በፊት ነው የሚጠየቀው። ለራስዎ ልጆችም በሳምንት አንድ ሰዓት ለብቻቸው ይስጧቸው፤ ዝም ያሉት ሁሉ ደህና ናቸው ማለት አይደለም።

ደረጃ 9፦ ሲሄድ

የመሄጃው ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ሦስተኛው ላይ በሁለት ቀን ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል፤ ቀኑን የሚቆርጡት እርስዎ አይደሉምና። የሚቻል ከሆነ ሽግግሩ በደረጃ እንዲሆን ይጠይቁ፦ መጀመሪያ ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ አንድ አዳር፣ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ። ልጁ ከመሄዱ በፊት ባሉት ቀናት ክፉ ሊሆን ይችላል፤ ተጣልቶ መለየት ወድዶ ከመለየት ይቀለዋል። አይቀየሙት። በፊቱ ማዘንዎን መደበቅ አያስፈልግም፣ ነገር ግን እሱ እርስዎን እስኪያጽናና ድረስ አይሁን። «አንተን ማጣት ያሳዝነኛል፤ ወደ ቤትህ መሄድህ ግን ደስ ይለኛል» ይበሉት።

አብሯችሁ በቆየበት ጊዜ ሁሉ የሕይወት ታሪክ ደብተር እየሠራችሁ ቆዩ፦ ፎቶ፣ የወለቀ ጥርሱ ቀን፣ የመምህሩ ስም፣ የጎረቤት ጓደኛው፣ ቁመቱ በየወሩ። በአደራ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ የልጅነቱ ፎቶ እንኳን የለውም። ደብተሩ አብሮት ይሂድ፣ ቅጂው እርስዎ ዘንድ ይቅር፤ የመጀመሪያው ሊጠፋ ይችላል።

የመጣበትን ዕቃና በእርስዎ ቤት ያገኘውን ሁሉ በዚያ ዚፕ ባለው ቦርሳ ያሽጉ፤ ብስክሌቱንም ቢሆን፣ የተሰጠው የእሱ ነው። የሚተኛበትን አንሶላ ሳያጥቡ ይስጡት። ለሚረከበው ሰው አንድ ገጽ ይጻፉ፦ የሚነቃበትና የሚተኛበት ሰዓት፣ መድኃኒቱና መጠኑ፣ የቀጣይ የሐኪም ቀጠሮ፣ የሚፈራው ነገር፣ ሲናደድ የሚያበርደው፣ በሌሊት የሚበራው መብራት። እናቱ ብትሆንም ይስጧት፤ ከተለየችው ወዲህ አድጓል፣ ልማዱም ተለውጧል።

ከዚያ ለድርጅቱ በጽሑፍ አዲስ ልጅ መቀበል የምትችሉበትን ቀን አሳውቁ፤ ካልነገሩዋቸው በማግስቱ ሊደውሉ ይችላሉ። ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ይውሰዱ፤ የራስዎ ልጆች ስለሄደው ልጅ መጠየቅ ሳይጨርሱ አልጋው በሌላ መያዝ የለበትም። ፍራሹን ፀሐይ ላይ ያውጡ፣ የጭሱን ማንቂያ ባትሪ ይቀይሩ፣ ያነሱትን ፒጃማዎች በአዲስ ይተኩ፣ ስልኩ አጠገብ ያለውን ወረቀትም አንሥተው ባለፈው ጊዜ ሳይጠይቁ የቀሩትን ጥያቄ ይጨምሩበት።